ሳልመልስልሽ የቆየሁት ጥያቄ

የልቤ እህት፣

እንደምን ከረምሽ? መልእክትሽ ከደረሰኝ 11 ወር ሆነው። «እናትነት እንዴት ይዞሻል?» ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። ሕፃኗ ደረቴ ላይ ተኝታ ነበር፤ በአንድ እጄ ስልኩን ይዤ «ደስ ይላል፣ ተመስገን» ብዬ ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁት። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ያንኑ ስመልስ ነው የሰነበትኩት። ላንቺ ሲሆን ግን እጄ እምቢ አለ። አንቺን መዋሸት አልችልም፤ እውነቱን እንዳልነግርሽ ደግሞ ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቀውም ነበር። ዛሬ ነገ ስል ወሩ ወር ወለደ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ «በምን ዓይኔ ልጻፍላት» የሚል ኀፍረት ያዘኝ። ጠፋሁብሽ እንጂ አልረሳሁሽም። ይህን አስቀድመሽ እመኚልኝ።

እንድትረጂልኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከተጋባን በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ነበርን። አንድ ሻንጣ ለሁለት፣ አንድ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር፣ አለቀ። ደብተሯን የሚይዘው እሱ ነው፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት፣ የማደሪያ ስልክ፣ ያወጣነውን ገንዘብ ሳይቀር በዚያች በደቃቅ ጽሑፉ ያሰፍራል። ያኔ የላኩልሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ፣ ሐይቁን፣ ተራራውን። ከዚያ ሁሉ ግን እስከ ዛሬ ውስጤ የቀረው ማንም ፎቶ ያላነሳው አንድ ሌሊት ነው። የተሳፈርንበት አውቶቡስ ጨለማ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ሹፌሩ ከሥር ገብቶ ሲታገል እኛ ወርደን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የሌሊቱ ጉዞ ይሻላል ያልኩት እኔ ስለነበርኩ ተቆጥቶብኛል ብዬ ውስጤን ስበላው ቆየሁና በመጨረሻ «ተናደድክብኝ እንዴ?» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። «ኧረ ደክሞኝ ነው። ሲደክመኝ ቃል ያልቅብኛል» አለና ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገልኝ። ከጋብቻችን በፊት ስንት ጊዜ አብረን ስንወጣ ስንገባ ያላወቅኩትን ጠባዩን እዚያ ድንጋይ ላይ አወቅኩ። አብሮ መንከራተት ከጫጉላው ሁሉ ይበልጣል የምልሽ ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል፣ ትንሽ ገንዘብና ሁለት የዕረፍት ቀን በተገኘ ቁጥር ውልቅ ማለት ነበር ሥራችን። ማርገዜንም የጠረጠርኩት በአንዱ ጉዞ ላይ ነው፤ እኔን፣ መኪና አዙሮኝ የማያውቀውን ሴት፣ ጠረኑ ብቻ ሲያቅለሸልሸኝ። እርግዝናው ደህና ነበር። ምጡን ስንገናኝ አወራሻለሁ። 3 ኪሎ ከ100 ግራም የምትመዝን ልጅ ታቀፍን።

በ4ኛው ቀን ሲመዝኗት 2 ኪሎ ከ850 ሆነች። የመዘነቻት ነርስ፣ አራስ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሱ ያለ ነው፣ አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሱታል ብላ አስረዳችኝ። እውነትም መለሰችው። እኔ ግን ያቺ 250 ግራም ከጡቴ የጎደለች መስላኝ ሌት ተቀን ታብሰለስለኝ ነበር። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። በቁጥር ሲነገርሽ ቀላል ይመስላል። አንዱን ጨርሰሽ አስገስተሽ፣ ቀይረሽ አስተኝተሽ ጎንሽን ስታሳርፊ ቀጣዩ ደርሷል። የተለያየ ጡት በየተራ መስጠቱ እየጠፋብኝ ሲሄድ ባለቤቴ ያቺን የጉዞ ደብተር አወጣና ከአውቶቡሶቹ ሰዓት ቀጥሎ ባለው ንጹሕ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረ፦ «ሌሊት 8፡10፣ ግራ፣ 15 ደቂቃ። 10፡05፣ ቀኝ፣ 20 ደቂቃ።» እንደዚያ እያለ ገጹ ሞላ።

ለቅሶዬ የጀመረው በ3ኛው ቀን ነው። ይህንንም አዋላጇ አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ከወሊድ በኋላ ሆርሞኖች በአንድ ጊዜ ሲወርዱ ብዙ እናቶች ሆድ ይብሳቸዋል፣ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ይተዋል ብላ። ሁለት ሳምንቱ አለፈ፣ የኔ ግን አልተወም። መልእክትሽ የደረሰኝ ልክ ያን ሰሞን ነው። ጠዋት ስነሳ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል። ልጄን አጠባለሁ፣ አጥባለሁ፣ እቀይራለሁ፤ ሁሉንም የማደርገው የሰው ልጅ አደራ እንደተቀበለች ሴት ነው፣ እንዳይጎድል እየተጠነቀቅኩ። ፍቅሩ የት ሄደ ብዬ ውስጤን ስፈልግ ባዶ ነው። ለአንዲት የጤና ባለሙያ ፈራ ተባ እያልኩ ብነግራት «እናት ሁሉ ይደክማታል» ብላ ሸኘችኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም ላለመናገር ወሰንኩ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የወሰደችብኝን ጊዜ ሳስብ አሁንም ያመኛል።

6ኛው ሳምንት ከሁሉ የከፋው ነበር። የሕፃናት ለቅሶ ጣሪያ የሚነካው በዚያን ጊዜ ገደማ እንደሆነ በኋላ ነው የተረዳሁት። አንድ ሌሊት ሦስት ሰዓት ሙሉ አለቀሰች። በጀርባዋ አልጋዋ ላይ አስተኛኋትና ወጥቼ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከሰሞኑ ዝም ብሏል፤ ዝምታውን ሁሉ «ይህቺ እናት አትሆንም» እያለኝ ነው ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ያን የመንገድ ዳር ሌሊት ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። ልጅቷን አባብሎ ታቅፎ መጣና አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። «ቃል አልቆብኝ ነው» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «አንቺ ግን ድካም ብቻ አልመሰለኝም። ነገ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

ሄድን። ያገኘናት ሐኪም ገና ሳልጨርስ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። በ1987 በእንግሊዝኛው አቆጣጠር የወጣ፣ በኤድንብራ ከተማ ስም የሚጠራ መጠይቅ ነው፤ 10 ጥያቄ ብቻ፣ ስላለፉት 7 ቀናት የሚጠይቅ። ስለ ሞት ይጠይቀኛል፣ ስለ እብደት ይጠይቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ መሳቅ ችለሻል ወይ፣ የሚያስቅ ነገር ሲገጥምሽ ይታይሻል ወይ የሚል ነው። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቀረሁ። የመጨረሻ ጊዜ የሳቅኩት መቼ እንደሆነ ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ፤ ሐኪሟ ሳትቸኩል ሌላ ወረቀት አቀበለችኝ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት መሆኑን የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፣ በይበልጥም ድብርት። ከ8 እናቶች አንዷ ማለት ነው። ስንቶቹ እንደኔ «ደስ ይላል፣ ተመስገን» እያሉ ይሆን?

በሳምንት አንድ ቀን ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ ውስጥን እያወጡ በመነጋገር የሚደረግ ሕክምና ጀመርኩ። ሌላው የታዘዘልኝ እንቅልፍ ነው፣ ሳይቆራረጥ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ልጅቷ የአባቷ ሆነች፤ እኔ ወተት አልቤ አስቀምጬላቸው ሌላ ክፍል እተኛለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ሥር ቆሜ አዳምጥ ነበር። አምስት ሰዓት ሙሉ የተኛሁበት ቀን ግን ስነሳ የገዛ ክፍሌ ቀለም አዲስ ሆኖ ታየኝ።

ወዲያው ዳንኩ አልልሽም። በ7ኛው ሳምንት ፈገግ አለች፤ አራስ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው ስለተባልኩ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቀርቤ አያት ነበር። እናት በመጀመሪያው ፈገግታ ትቀልጣለች ይባላል። እኔ አልቀለጥኩም። እንደ ሩቅ ሰው አየኋት፣ ከዚያም ለምን አልቀለጥኩም ብዬ አለቀስኩ። ይህን የምነግረው ላንቺ ብቻ ነው።

አራት ወር አልፏት ነው። ባለቤቴ ከዚያች ደብተር ያለቀውን የጡት ሰዓት ገጽ ቀደደ፣ ትር ሲል ልጅቷ ክው አለችና ከሆዷ ሳቀች። እንደገና ቀደደ፣ እንደገና ተንከተከተች። እንዲያ እያሉ ቀጠሉ። ሦስተኛው ላይ ይሁን አራተኛው፣ ሌላ ሰው የሚስቅ መሰለኝና ዞር አልኩ። እኔ ነኝ የምስቀው። ባለቤቴ ወረቀቱን እንደያዘ አፍጥጦ አየኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። የአውቶቡሶቹን ገጾች አልነካቸውም፣ አሁንም አሉ።

አሁን ዕቃ ይዛ ትቆማለች። አራት ጥርስ አላት። ስሜ ከመጠራቱ በፊት ከመኝታዬ የምነሳው ናፍቃኝ ነው። በሚቀጥለው ወር ሦስታችን መንገድ ልንጀምር አስበናል፣ ብዙ ሩቅ ያልሆነ፣ በቀን።

አንቺስ? በዚያ መልእክት ላይ እናትሽ እንዳመማቸው፣ አንቺም ሥራ ልትቀይሪ እያሰብሽ እንደሆነ ጽፈሽ ነበር። ሁለቱንም አልጠየቅኩሽም። ይቅር በይኝ፣ እህቴ። እንዴት ሆኑ? የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ አታሳጥሪብኝ። ያ የምሽቱ ደንብ ዛሬም አልተለወጠም፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ናት፣ እኔም እንደ ድሮው ቶሎ አልተኛም። በፈለግሽው ቀን ደውይ፣ ስልኩ አጠገቤ ነው።

የአንቺው