እማዬ፣ ስሟ ማን ነበር?

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጉልበትሽ ነገር ግን ያሳስበኛል። እኛ እዚህ ኮምቦልቻ በሙቀት ስንቀቀል፣ አንቺ ከሐረጎ በላይ በደሴ ብርድ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበሽ እንደምትቀመጪ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ወደ ቧንቧ ውሃ አትውረጂ፣ እባክሽ።

ስልክ እያለ ለምን ጻፍሽ እንዳትይኝ። በስልክ ሞክሬ አቅቶኝ ነው። ሁለቴ ደወልኩ፣ ሁለቴም ስለ በርበሬ አውርተን ዘጋን። ይህን የወንድሜ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። ከደከመሽ ታቁምና ሌላ ቀን ትቀጥል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልደት ልታስመዘግብ ቢሮ መጣች። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ቀኑን ሙሉ ስም ስጽፍ ነው የምውለው። የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። "የልጁ ስም?" አልኳት። "ማስረሻ" አለች። ቀና ብዬ አየኋት። እኔም ሌላ አልጠየቅኳት፣ እሷም ሌላ አልነገረችኝም። የሕፃኑን እግር ከነጠላው ሥር ፈልጋ ያዘችና ጽፌ እስክጨርስ ድረስ አልለቀቀችውም።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ የሆነው ነገር መጣብኝ። መምህሩ ስም ሲጠራ እኔ ጋ ደረሰና "ምትኬ! የማን ምትክ ነሽ?" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቤት ስደርስ "ስሜን ቀይሪልኝ" ብዬ አለቀስኩብሽ። ቡና እየቆላሽ ነበር። ቀና ብለሽም አላየሽኝ፣ መቁላቱንም አላቆምሽ። ቡናው አረረ። አንቺ ቡና አሳርረሽ አታውቂም ነበር። ያኔ አልገባኝም።

አሁን ግን በየቅጹ የማየውን ስም ሁሉ ትርጉሙን መመርመር ልማድ ሆኖብኛል። ወሎ ላይ ደግሞ ስም ማየት እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ። የልጁ ስም ኃይለ ማርያም፣ የአባቱ ሰይድ ሆኖ ሲመጣ እዚህ ማንም አይደነግጥም። የእኛስ አያት እንድሪስ አይደሉ! ንጉሥ ሚካኤልም ቢሆኑ ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። ትርጉሙን ስታዪው ደግሞ ብዙው ይገናኛል። አብደላ ማለት የአላህ አገልጋይ ማለት ነው፤ ገብረ እግዚአብሔርም ያው ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ልጅ የሞተባት እናት ለቀጣዩ ልጇ የምታወጣው ስም ነው። ምትኩ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ፣ እኔም ምትኬ። የእኛ አገር ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዓረቦችም አወድ የሚሉት ስም አላቸው፤ ካሳ ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይም አለ። ዮሴፍ ግብፅ ውስጥ የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ሲል። ምናሴ እኮ ማስረሻ ማለት ነው! ሔዋን ደግሞ አቤል ከሞተ በኋላ የወለደችውን ሤት ብላ ጠራችው፤ በአቤል ፋንታ ሌላ ልጅ ተተካልኝ ብላ። ልጅ በመቅበር የመጀመሪያዋ እናት እሷ ናት። የመጀመሪያው ምትኩም የእሷ ልጅ ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ናይጄሪያ ውስጥ ዮሩባ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ልጅ በላይ በላዩ ሲሞትባቸው፣ ያው አንዱ ልጅ ነው እየተመላለሰ የሚወለደው ይሉ ነበር። ስለዚህ በስሙ ይለምኑታል። ማሎሞ ይሉታል፤ "ከእንግዲህ አትሂድ" ማለት ነው። ዱሮጃዬ ይሉታል፤ "ቆይና ዓለምህን ቅጭ" እንደማለት። እኛስ ኑርልኝ እንል የለ? በቻይና ገጠር ደግሞ ክፉ መንፈስ እንዳይመኘው ብለው ሕፃኑን "ከውሻ የተረፈ" ብለው የሚጠሩ ነበሩ። የምትወጂውን ልጅ እንዲህ ብለሽ መጥራት! ሞት ምን ያህል ቢያስፈራቸው ነው?

አንዱ ታሪክ ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ነካው። ቪንሰንት ቫን ጎግ የሚባል የሆላንድ ሠዓሊ ነበር። የተወለደው በ1853 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ከመወለዱ ልክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ቀን፣ እናቱ ሞቶ የተወለደ ወንድ ልጅ ነበራት። የዚያ ሕፃን ስምም ቪንሰንት ነበር። አባቱ ቄስ ናቸው፤ መቃብሩም እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። አስቢው እማዬ። ልጁ የራሱን ስም ድንጋይ ላይ ተጽፎ እያየ አደገ።

አንቺ እንዲህ አላደረግሽብኝም። ከእኔ በፊት የሞተችውን የእህቴን ስም ለእሷ ተውሽላት። ለእኔ የራሴን ሰጠሽኝ። ሳጥንሽ ውስጥ ያለችው ቢጫ ቀሚስ የማን እንደሆነች አሁን አውቃለሁ። አንድ ቀን ልለብሳት ስል ቀምተሽ አጥፈሽ መለስሻት፣ እኔም አኮረፍኩ። ቀሚሷን እንዳላስነካሽኝ ሁሉ ስሟንም አላስነካሽኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቦታ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቦታዋን ጠብቀሽላታል።

ግን እማዬ፣ እሷ የትም አልተጻፈችም። እኔ የምሠራበት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ የሞተም ይመዘገባል። እሷ ከዚያ በፊት መጥታ ከዚያ በፊት ሄደች። ፎቶም የላት። አባዬም ነፍሱን ይማረውና "ያቺ ልጅ" ከማለት አልፎ አያውቅም። እኔ የስንቱን ልጅ ስም በእጄ ስጽፍ፣ የገዛ እህቴን ስም አላውቅም።

ካመመሽ አልጫንሽም። ዝም ካልሽም አልቀየምም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ እመጣለሁ። ቡናውን እኔ እቆላለሁ፣ አንቺ ምድጃው አጠገብ አረፍ በይ። ስሟን አንዴ ጥሪልኝ።

ልጅሽ ምትኬ
ከኮምቦልቻ