ዶሮው ከመታደሉ በፊት ቤቱና መኖው ይታይ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ ስለ ዶሮ የሚወጣው ዜና በዝቷል። በዚህ ወረዳ ይህን ያህል ቄብ ተሰራጨ፣ በዚያ ዞን ይህን ያህል ጫጩት ለወጣቶች ተሰጠ የሚል ዘገባ ደጋግመን እናነባለን። ዶሮ አርቢ እንደመሆኔ ደስ ይለኛል። እንቁላል በየቤቱ ሲገባ፣ ልጆችም ሲበሉ ማየት የሚጠላ ሰው የለም። ነገር ግን ዶሮዎቹ የት እንደሚያድሩና ምን እንደሚበሉ የሚናገር ዘገባ እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን እንቁላል ጣይ ዶሮ አረባለሁ። ባለፈው ዓመት በአካባቢያችን ለተደራጁ ወጣቶች የ45 ቀን ቄቦች ተሰጥተው ነበር። ዝርያቸው ጥሩ፣ ክትባታቸውን የወሰዱ፣ ላባቸው ያማረ ቄቦች ነበሩ። የገቡበት ቤት ግን ቀድሞ የእህል ማስቀመጫ የነበረ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተመታ ክፍል ነው። ልጆቹ ብርዱን ፈርተው ያለችውን አንዲት መስኮት በማዳበሪያ ከረጢት ወትፈዋታል፤ የበሩንም ሥር በጨርቅ ጠቅጥቀዋል። ማለዳ ሄጄ በሩ ሲከፈት ዓይኔ አነባ። ጣሪያው ከውስጥ በኩል አልቦት ጠብታው ጉዝጓዙ ላይ ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው የጤፍ ጭድ ጠቁሮ ተጋግሯል። ቄቦቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በየጥጉ ተኮልኩለዋል፤ ኩሳቸው ላይ ደም ይታያል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ አብዛኞቹ አለቁ። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። ቤቱን ገብቶ ያየላቸው ሰው ሳይኖር ነው ዶሮውን ፈርመው የተረከቡት።

የሆነው ነገር ምሥጢር የለውም። ዶሮ ስትተነፍስ ብዙ እርጥበት ታወጣለች፤ ኩሷም ውኃ የበዛበት ነው። እርጥበቱ መውጫ ካጣ ሌሊት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ኩሱ ሲብላላ አሞኒያ የሚባለው ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን የሚያቃጥለውና የመተንፈሻ አካልን የሚጎዳው እሱ ነው። መተንፈሻዋ የተጎዳ ዶሮ ለሌላው በሽታ ሁሉ ትጋለጣለች። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስም ከኩስ ጋር ወጥቶ ለመተላለፍ የሚበቃው በዚሁ እርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ ነው። ደጋ ላይ ከማየው ጥፋት ሁሉ ትልቁ ይህ ቤት ማፈን ይመስለኛል። ላባ ያወጣች ዶሮ ደረቅ ብርድ ትችላለች፤ የሚጥላት እርጥበቱና በቀጥታ የሚመታት ነፋስ ነው።

ደህና ቤት ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ግድግዳው ከታች ግማሽ ሜትር ያህል በጭቃ ወይም በብሎኬት ድፍን ይሁን፤ ዶሮዋ በምትቀመጥበት ከፍታ ነፋስ እንዳይመታት። ከዚያ በላይ በወንፊት ሽቦ ይከለልና ሌሊት ሌሊት የሚወርድ የሸራ ወይም የከረጢት መጋረጃ ይደረግለት። መጋረጃው ሲወርድም ጣሪያው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይቅር። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እርጥበቱን ይዞ በዚያች ክፍተት ይሄዳል። ከቆርቆሮው ሥር ሣር ወይም ኬሻ ቢጠቀጠቅ ማላቡም ይቀንሳል። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ በጎኑ ገብታ አታቃጥልም፤ ይህ እንደ አዋሽና መተማ ላሉ ቆላ አገሮች የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጉዝጓዙን ለመመርመር መሣሪያ አያሻም። እፍኝ ዘግኖ ጨበጥ አድርጎ መልቀቅ ነው። ተድበልብሎ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ጨርሶ ሳይያያዝ ከተበተነና ከቦነነ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ ጥቂት ተያይዞ ወዲያው የሚፈርሰው ደህናው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በውኃ መጠጫው ዙሪያ ያለው ስለሆነ እሱን በየቀኑ አንሥቶ በደረቅ መተካት ሌላውን ያቆያል። ሽታውን በተመለከተ ደግሞ ቆሞ ማሽተት አይበቃም። ቁጢጥ ብሎ፣ ዶሮዋ በምትተነፍስበት ከፍታ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። እዚያ ለሰው የሚከብድ አየር ለእሷ ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሰው ነው።

የቦታ ነገርም አለ። እንቁላል ጣይ ዶሮ ወለል ላይ ስትረባ በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ብትሆን ነው ደግ የሚሆነው። እጥፉን የሚያጭቁ አውቃለሁ፤ ከዚያ መነቃቆር ሲመጣ ምንቃር መቁረጥ ይጀመራል። ገጠር ያደግን ሁላችን ዶሮ መሸት ሲል ቆጥ ላይ እንደምትወጣ እናውቃለን። ከተማ ውስጥ በሚሠራው የዶሮ ቤት ግን ቆጡ ተረስቷል። ለአንዲት ዶሮ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ አግዳሚ እንጨት ብትሰጣት ከኩሱና ከእርጥበቱ ርቃ ታድራለች፤ ደካማዋም ከምትነቁራት የምታመልጥበት ታገኛለች። ለአምስት ዶሮ አንድ ጨለም ያለ የእንቁላል መጣያ ሳጥን ይበቃል።

ከአንድ ቀን ጫጩት የሚጀምሩ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ በላይ ሙቀቱን ይጠንቀቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየቀነሱ መሄድ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፦ አምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ወደ ዳር ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ በእኩል ተበትነው እየጫሩ ከሆነ ተመችቷቸዋል። እኛ ዘንድ መብራት በጠፋ ሌሊት ተደራርበው ታፍነው የሚያልቁት ብዙ ናቸው። ለዚህ ዙሪያውን ጭድ የተጠቀጠቀበት ሳጥን፣ ያለ መብራት በራሳቸው ሙቀት የሚያሳድራቸው፣ አገራችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ዘዴ አለ። አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ለምን በየቀበሌው እንደማያሳዩ አይገባኝም።

ወደ መኖው ልምጣ፤ የባሰው እዚህ ነው። ከእርባታ ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚበላው መኖ ስለሆነ ሰው ለመቆጠብ የሚሞክረው ከእሱ ላይ ነው። በቆሎ ሲወደድ በምትኩ ፉርሽካ ይጨመራል። ፉርሽካ ቃጫው የበዛ ስለሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ ዶሮዋ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። የኑግ ፋጉሎ ሲወደድ እሱም ይቀነሳል፤ ፕሮቲኑ ይወርዳል። የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ ድንጋይ ነው ተብሎ ይዘለላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የእንቁላሉ ገቢ ሲጠፋ ያኔ ነው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው የሚደርስብን።

ለመኖው ካልሲየም ስለሚሰጠው ኖራ ድንጋይ ትንሽ ልቆይ። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። በመኖው ውስጥ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም መኖር አለበት፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ እንቁላል ቅርፊት ጋር 2 ግራም ያህል ካልሲየም ከሰውነቷ ይወጣል። ከመኖዋ ያጣችውን ከአጥንቷ ትወስዳለች። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ከዚያ ቅርፊት የሌለው እንቁላል ትጥላለች፣ በመጨረሻ እግሯ አልሸከም ብሏት ትወድቃለች፤ ባለቤቱም በሽታ ገባ ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። በተቃራኒው ደግሞ ገና እንቁላል መጣል ያልጀመሩ ቄቦችን የእንቁላል ጣይ መኖ የሚያበሉ አሉ፤ የበዛው ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳዋል። ለቄብ 1 በመቶ አካባቢ በቂ ነው።

ዶሮ በደንብ መብላት አለመብላቷን ለማወቅ አንሥቶ ደረቷን መዳበስ ይበቃል። የደረቷ አጥንት እንደ ካራ ስለት ከጣት ሥር ከቆመ፣ ግራና ቀኙ ሥጋ ከሌለው፣ ያቺ ዶሮ ከረሃብ ጋር ናት። በየሳምንቱ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን አንሥቶ መዳበስ በሽታው ሳይሰፋ ይነግራል። መነቃቆርም ቢሆን ሁልጊዜ ከጭንቅንቅ ብቻ አይመጣም፤ ጨው ወይም ሜቲዮኒን የሚባለው ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር ሲጎድል ላባ መብላት ይጀምራሉ። ጎመን ወይም አልፋልፋ አሥሮ ምንቃራቸው በሚደርስበት ከፍታ መስቀል ቫይታሚንም ነው፣ ሥራ ፈትነትንም ያስረሳቸዋል።

ሻጋታው ሌላ ጣጣ ነው። ዝናብ የነካው በቆሎና በደንብ ያልደረቀ የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራሉ። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፣ የሰውነትንም መከላከያ ያዳክማል፤ ስለዚህ የተከተበች ዶሮ ክትባቱ ሳይዝላት ይቀራል። ሰውም ክትባቱ አይሠራም ብሎ ያማርራል። መኖን ከወለል ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ ማስቀመጥ፣ ከግድግዳ ማራቅ፣ የሸተተውን መጣል እንጂ ከደህናው ጋር አለመቀላቀል ይሻላል።

እንግዲህ ቤቱ ታፍኖ፣ መኖው ጎድሎ ዶሮዋ ስትታመም ምን ይደረጋል? ከገበያ ቴትራሳይክሊን የሚባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተገዝቶ ውኃ ላይ ይበተናል። በየሳምንቱ ይህን የሚያደርጉ ጎረቤቶች አሉኝ። በዚያው ቀን የተጣለው እንቁላል ሱቅ ይወጣል። መድኃኒቱ የአሞኒያን ጉዳት አይጠግንም፣ የካልሲየምን እጥረት አይሞላም፤ በልጆቻችን ላይ ግን ነገ ጀርሞቹ መድኃኒት የለመዱ ይሆናሉ። ይህ በጣም ያስፈራኛል።

የጾሙ ነገርም መነሣት አለበት። በአቢይ ጾም እንቁላል ገዢ ሲያጣ ብዙው አርቢ መኖውን በድንገት ይቀንሳል። ዶሮዋ እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ ላባዋን ታረግፋለች፣ ፋሲካ ሲደርስና ዋጋ ሲወጣ እንቁላል የለም። ከዚህ ይልቅ ያረጁትን ከቅበላ በፊት መሸጥና ኅዳር ላይ ጫጩት ማስገባት ይሻላል፤ ጫጩት ለመጣል አምስት ወር ያህል ስለሚፈጅባት ለፋሲካ ትደርሳለች። እንዲህ ቢታቀድ ዶሮም አይራብም፣ ሰውም አይከስርም።

በገጠር በየጓሮው ለሚያረቡት እናቶቻችን ዋናው ገዳይ ፈንግል ነው። የበዓል ገበያ ያስፋፋዋል፤ እግራቸው ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥለው ከየቦታው ከመጡት ጋር የዋሉ ዶሮዎች ሳይሸጡ ሲቀሩ በሽታውን ይዘው ቤት ይመለሳሉ። ተመላሹን ለሁለት ሳምንት ለብቻ ማቆየት ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቦታ ለጥቂት ቀናት የሚቆይና በዓይን ጠብታ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት ያመርታል። ጠርሙሱ የተሠራው ለብዙ ዶሮ ስለሆነና ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ስላለበት አንድ ቤት ብቻውን አይገዛውም። ቀበሌው ቀን ቆርጦ በየሦስት አራት ወሩ ሁሉም ዶሮውን እንዲያስከትብ ቢያደርግ ቀላል ነበር።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ሰሞኑን በየከተማው ኬጅ፣ ማለትም ዶሮ ተዘግታ የምትረባበት የሽቦ ሳጥን፣ ግዙ የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ቆጥና መጣያ የሌለውን ባዶ ኬጅ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አግዷል። ለአንዲት ዶሮ ይሰጣት የነበረው ቦታ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያንስ ነበር፤ ክንፏን መዘርጋት አትችልም። እነሱ የጣሉትን እኛ በብድር መግዛት የለብንም። ገና እየጀመርን ስለሆነ ከመነሻው ደህናውን መምረጥ እንችላለን።

ከግብርና ጽሕፈት ቤቶች የምጠይቀው አንድ ነው፦ ዶሮ ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያ ሄዶ ቤቱን ይይ፤ የሦስት ወር መኖ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቅ፤ ካልተሟላ ርክክቡ ይቆይ። ከእናንተ ከጋዜጠኞች ደግሞ የምለምነው አለኝ። የርክክቡን ዕለት ከዘገባችሁ በኋላ ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ቦታ ተመለሱ። ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ ስንቱ እየጣለ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቤቱ ውስጥ ገብታችሁም ቁጢጥ በሉና አየሩን አሽትታችሁ ያገኛችሁትን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ዶሮ አርቢ፣ ከደብረ ብርሃን