የክርክር ክበብ ዘገባ፦ “አልታወቀም” ማለት “አለ” ማለት ነውን?

የክርክር ክበባችን በ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በየሳምንቱ ዓርብ ሲሰበሰብ፣ አብዛኛውን ጊዜውን ያዋለው ስዊድናዊው ዲፕሎማት ሃንስ ብሊክስ በኢራቅ ጉዳይ በያዙት አቋም ላይ ነው። ብሊክስ ከ2000 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታትን የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪዎች የመሩ፣ ከዚያም አሜሪካ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ብላ በ2003 በኢራቅ ላይ የመራችውን ወረራ አጥብቀው የተቹ ሰው ናቸው።

ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ ያከራከረው የአባ ሰንጋው ጉዳይ ነበር። ኢራቅ ለጦር መሣሪያ የሚውል 8,500 ሊትር ያህል የአባ ሰንጋ ጀርም አምርታ እንዳስወገደች ብታሳውቅም ለመወገዱ አሳማኝ ማስረጃ አላቀረበችም፤ ብሊክስም ይህንኑ በጃንዋሪ 2003 ለጸጥታው ምክር ቤት ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። በፌብሩዋሪ ግን፣ ሂሳቡ ያልተወራረደ መሣሪያ ሁሉ አለ ብሎ ለመደምደም መቸኮል እንደማይገባ አሳሰቡ። ይህን ልዩነት ያስረዳን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በቤተ መጻሕፍታችን መዝገብ ላይ ሰፍሮ በመደርደሪያው ላይ የሌለ አትላስ ጠቅሶ፣ ሰሌዳው ላይ “አለ”፣ “ተወግዷል”፣ “አልታወቀም” የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሰመረ፤ አትላሱንም በሦስተኛው ሥር ጻፈው። በበኩሌ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ተቆጣጣሪዎቹ አራት ወር ባልሞላ ጊዜ 700 ያህል ፍተሻ አካሂደው፣ ከተፈቀደው 150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወነጨፉት አል ሳሙድ 2 የተባሉት የኢራቅ ሚሳይሎች መውደም ጀምረው ነበር። ብሊክስ ማርች 7 ቀን ሥራው ዓመታትም ሳምንታትም ሳይሆን ወራት እንደሚፈልግ ቢያስረዱም፣ ጦርነቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጀመረ። አሜሪካ ራሷ ያሰማራችው የፍለጋ ቡድን በ2004 እ.ኤ.አ. የተከማቸ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ እንዳልነበረ አረጋገጠ። ኋይት ሐውስ በወቅቱ ባወጣው የጦርነቱ ደጋፊ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ መኖሯን ሲያዩ ተማሪዎቼ ለአፍታ ዝም አሉ።

በግንቦት ወር በተካሄደው የማጠቃለያ ክርክር አንዲት ተማሪ፣ የአሜሪካ ጦር ድንበር ላይ ባይሰፍር ኖሮ የኢራቁ መሪ ሳዳም ሁሴን ተቆጣጣሪዎቹን ባላስገቡ ነበር ስትል ሞገተች፤ ብሊክስም ይህን አይክዱም። ተቃራኒው ወገን፣ በር ለማስከፈት የመጣ ጦር ፍተሻው ሳያልቅ መተኮሱን እንዴት ትክክል ያደርገዋል ሲል መለሰ። ድምፁ እኩል ለእኩል ስለተከፈለ ክርክሩ በቀጣዩ መስከረም እንዲቀጥል ተወሰነ።