የምስጋና መልእክት፦ «አላወቅሁትም፣ ባልደረቦቼን ልጠይቅ» ላሉት ሐኪም

በልጃችን ሕመም ምክንያት ላለፉት ሁለት ዓመታት ከቤታችን ላልተለያችሁ ወዳጆችና ዘመዶች፣ እንዲሁም ሳታውቁን ለደከማችሁልን ሐኪሞች በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእጁ መንቀጥቀጥ፣ የአንደበቱ መተሳሰር፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ መቋረጥ፣ ከሐኪም ቤት ወደ ጸበል፣ ከጸበል ወደ ሐኪም ቤት የተመላለስንበት ጊዜ አብዛኞቻችሁ በዓይናችሁ ያያችሁት ስለሆነ ደግሜ አልተርከውም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው በዚያች የጥር ሌሊት ተረኛ የነበሩትን ሴት ጠቅላላ ሐኪም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለለመኑኝ ቃላቸውን አከብራለሁ። በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ አይበልጡም። ከእሳቸው በፊት በአንድ ቦታ የአእምሮ ሕመም ነው ተብሎ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ጉበቱ ተጎድቷል ተብሎ ለየብቻ ሲታከም ቆይቷል። እሳቸው ግን የሁለቱን ቦታ ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ካነበቡ በኋላ፣ የልጄን ዓይን በስልካቸው መብራት ከጎን እያበሩ ደጋግመው ተመለከቱና «አባባ፣ ይህ ሁሉ የአንድ ሕመም ሥራ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም። ከፈቀዳችሁ ባልደረቦቼን ልጠይቅ» አሉኝ። 34 ዓመት በመምህርነት ያገለገልሁ ሰው በመሆኔ፣ ከእኔ መልስ በሚጠብቅ ሰው ፊት «አላውቅም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። እኚህ ወጣት ሐኪም ይህን ቃል በእኔ ፊት ብቻ ሳይወሰኑ፣ አስተማሪዎቻቸው ጭምር በሚያነቡት የሐኪሞች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ጻፉት። ልጄ ዛሬ በሕይወት ያለው በዚያ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ እኔ የልጄ ዓይን ፎቶግራፍ ተነስቶ እንዲላክ አልፈቀድሁም ነበር። ልጄ ሲንቀጠቀጥ በስልኩ ቀርጾ ያሰራጨ ሰው ስለነበረና እናቱም ያንን ቪዲዮ በጎረቤት ስልክ ላይ ካየች ወዲህ ለብዙ ቀናት እህል ስላልቀመሰች፣ ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ራሱ ያስደነግጠን ነበር። ሐኪሟ አልተጫኑኝም። በማግስቱ ጠዋት ተረኝነታቸው አብቅቶ ወደ ቤታቸው መሄድ ሲገባቸው ወደ አልጋው ተመልሰው መጡና፣ እኔን አልፈው ልጄን ራሱን ጠየቁት፤ ዕድሜው 20 ስለሆነ ፈቃዱ የእሱ ነው አሉ። ስሙ፣ ከተማው፣ ዩኒቨርሲቲውና የካርድ ቁጥሩ እንደማይጻፍ፣ ፊቱ እንደማይታይ፣ የሚላከው የዓይኑ ምስልና የምርመራ ውጤቱ ብቻ እንደሆነ፣ እንቢ ቢልም ሕክምናው እንደማይጓደልበት በቀላል አማርኛ አስረዱት። የጻፉትንም ከመላካቸው በፊት አነበቡለት። እጁ ብዕር መያዝ ስላልቻለ በአውራ ጣቱ አሻራ ፈቀደ።

መልሱ ለመምጣት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። በአካል አይተናቸው የማናውቅ አንድ የዓይን ሐኪም፣ ኮርኒያ በሚባለው የዓይን ፊት ጥርት ያለ ሽፋን ዳር ቡናማ ቀለበት የመሰለ ነገር እንደሚታያቸው፣ ነገር ግን በፎቶግራፍ ብቻ መወሰን ስለማይገባ ልጁ ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ እንዲታይ ጻፉ። የእኛ ሰው ዓይን ጠቆር ያለ በመሆኑ ይህ ቀለበት በባዶ ዓይን በቀላሉ እንደማይለይ የተረዳሁት ኋላ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የነርቭ ሐኪምና አሜሪካ የሚኖሩ የጉበት ሐኪም ደግሞ በደም ውስጥ ሴሩሎፕላዝሚን የተባለው ፕሮቲን፣ በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥም መዳብ እንዲለካ መከሩ። ሁሉም ተደርጎ የዊልሰን በሽታ መሆኑ ታወቀ። ጉበት ትርፍ መዳብን በሐሞት በኩል ማስወገድ ሲያቅተው መዳቡ በጉበት፣ በአንጎልና በዓይን ላይ ይከማቻል፤ ሁለቱ ወረቀቶች ለየብቻ የያዙት የአንድ ሕመም ታሪክ ነበር ማለት ነው።

ሐኪሟ ከነገሩኝ አንዱ ከልቤ አይወጣም። ሕመሙ በስሙ የተጠራው የነርቭ ሐኪም ዊልሰን በ1912 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሕመም የጻፈው ራሱ ያያቸውን ታማሚዎች ታሪክ ሌሎች ሐኪሞች ቀደም ብለው ከመዘገቧቸው ታማሚዎች ታሪክ ጋር አገናኝቶ ነው። ያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረውም፤ ልጄ ዛሬ የሚወስደው ፔኒሲላሚን ለዚህ ሕመም መዋል የጀመረው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚያ ስማቸውን የማናውቃቸው ታማሚዎች ታሪካቸው ባይጻፍ ኖሮ የእኔ ልጅ ምን ይሆን ነበር?

ስለ ሴት ልጄ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ይህን ስጽፍም እንባዬን መግታት አቅቶኛል። የጉበት ሐኪሙ በመልእክታቸው መጨረሻ «እኅት ወይም ወንድም ካለው ይመርመሩ» የሚል አንድ መስመር ጨምረው ነበር። ሕመሙ ከእናትም ከአባትም በዘር ስለሚወረስ ለእያንዳንዱ እኅትና ወንድም ከአራት አንድ ዕድል አለው። ታላቅ ወንድሙ ነጻ ሆነ። የ15 ዓመቷ ታናሽ እኅቱ ግን ምንም ሳያማት፣ ስትስቅና ስትጫወት፣ ሕመሙ ተገኘባት። ጉበቷም አንጎሏም ሳይጎዳ ዚንክ መውሰድ ጀምራለች። ባለቤቴ «እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» እያለች ስታለቅስ፣ ሁለታችንም ሳናውቀው የተሸከምነው እንጂ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ እኚያው ወጣት ሐኪማችን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አጠገቧ ተቀምጠው አስረዷት። ዶክተር፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ? እግዚአብሔር እንደ እርስዎ ያለ ልጅ ይስጥዎ።

መድኃኒቱ በአገር ውስጥ በጠፋ ጊዜ ከውጭ ለላካችሁልን፣ ለነርሶች፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለእድራችንና ለጸበልተኞቹ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

የልጄ ንግግር ገና አልጠራም፤ ማገገሙ በወራት የሚቆጠር እንደሆነ ተነግሮናል። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ከምን እንደደረሰ ለባልደረቦቻቸው እንዲጽፉ ፈቃዱን ሲጠይቁት ብዕር ተቀብሎ ፈረመ። ፊደሉ ቢንጋደድም ስሙ ይነበባል።

በድካምና በዕድሜ ብዛት ስማችሁን ወይም ውለታችሁን ሳላነሳ የቀረሁ ይቅር በሉኝ። ይህን ልዘጋ ስል እንኳ የሽንቱን ናሙና በሰዓቱ ያደርሱልን ዘንድ በለሊት ተነስተው የወሰዱንና ሒሳብ አልቀበልም ያሉት ሾፌር ትዝ አሉኝ፤ ስማቸውን አልጠየቅሁም። ይህን ካነበቡ ቤታችንን ያውቁታልና መጥተው ቡና ይጠጡልን።

የታማሚው አባት
ከደሴ