ለእማዬ፣ ስለ ሐሞትሽ ጠጠር

ውድ እማዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽልኝ?

ወንድሜ የአልትራሳውንዱን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ አየሁት። የሐሞት ከረጢትሽ ውስጥ ጠጠሮች አሉ፤ ትልቁ 9 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሽምብራ ያህላል። የከረጢቱ ግድግዳ አልወፈረም፤ ሐሞት የሚወርድበት ቱቦም አልሰፋም። አልሐምዱሊላህ፣ ሳንቸኩል ለመዘጋጀት ጊዜ አለን።

ጨጓራ ነው እያልሽ ተልባ ስትጠጪለት የኖርሽው ሕመም ይኸው ነው። ረመዳን ላይ በሳምቡሳ ካፈጠርሽ በኋላ ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ጨምድዶ ይዞሽ ወደ ትከሻሽ የሚወጣው እርሱ ነው። ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀምና ቅባት ስትበዪ ከረጢቱ ተኮማትሮ ወደ አንጀት ይልከዋል። ጠጠር አንገቱ ላይ ሲወተፍ መውጫ ያጣል፤ ያኔ ነው የሚያስጨንቅሽ።

ወንድሜ «ያቺ ትንሽ ማሽን ምን ታያለች? ሲቲ ስካን እናስነሳት» ማለቱን ሰማሁ። ስለ አንቺ ተጨንቆ ነው፤ ገንዘቡን ግን ለመንገዱ ያስቀምጠው። ለሐሞት ጠጠር ከትልቁ ማሽን ትንሿ ትበልጣለች። ሲቲ ስካን የሚያየው በኤክስሬይ ጨረር ነው፤ ከኮሌስትሮል የተሠራ ጠጠር ደግሞ ከሐሞቱ ጋር ተመሳስሎ ሊሰወርበት ይችላል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ይልካል፣ ሲመለስም ይቀበላል። ጠጠሩ ድምፁን ስለማያሳልፍ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከኋላውም ጥቁር ጥላ ይጥላል። በጎንሽ ያስተኙሽ ጠጠሩ ቦታ ይቀይር እንደሆነ ለማየት ነው። ሳትበዪ ነይ ያሉሽም በባዶ ሆድ ከረጢቱ በሐሞት ሞልቶ ውስጡ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ነው።

አሁን ወደምትፈሪው፣ ከረጢቱ ወደሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ልምጣ። የጎረቤታችን ሆድ ላይ ያለው ረጅም ጠባሳ ከዓይንሽ እንዳልጠፋ አውቃለሁ። ለአንቺ የታሰበው ሌላ ነው፤ እኔም በሥራዬ ከሐኪሞቹ ጎን ቆሜ መሣሪያ የማቀብልበት ነው። ሙሉ ሰመመን ተሰጥቶሽ ትተኛለሽ። ሆድሽ ላይ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበጃሉ፤ ትልቁ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሐኪሙ መሥሪያ ቦታ እንዲያገኝ ሆድሽ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል። በአንዱ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን የምንጠብቀው ቦታ አለ። ሐኪሙ ከከረጢቱ አንገት ላይ ስቡን ቀስ እያለ ይገፋል፤ ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች ብቻ፣ አንድ ቱቦና አንድ የደም ሥር፣ ተለይተው እስኪታዩ ድረስ ይገፋል። ሳይለዩ መቀስ አይነሳም። ጎበዝ ቀዶ ሐኪምን የማውቀው እዚህ ላይ በሚያሳየው ትዕግሥት ነው፤ በእጁ ፍጥነት ተደንቄ አላውቅም። ሁለቱ በጥቃቅን የቲታኒየም መቆንጠጫዎች ተይዘው ይቆረጣሉ፤ ከረጢቱም ከነጠጠሩ በእምብርትሽ በኩል ይወጣል። መቆንጠጫዎቹ ሆድሽ ውስጥ ቢቀሩም አይጎዱሽም። ከረጢቱ ባይኖርም ጉበትሽ ሐሞት ማመንጨቱን አያቆምም፤ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል።

ሊሞክሩብኝ ነው ብለሽ አትስጊ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ጀርመናዊው ሐኪም ኤሪክ ሙኸ ከጀመረው ወዲህ ይህ ሕክምና ዓለምን አዳርሷል። ግን አልደብቅሽም፤ አካባቢው ተቆጥቶ ቱቦውና የደም ሥሩ አልለይ ካሉ ሐኪሙ በጎድንሽ ሥር ሊከፍት ይችላል። እንዲህ ካደረገ ለአንቺ ደኅንነት ብሎ ነው። ይህ ይበልጥ የሚያጋጥመው ከረጢቱ ደጋግሞ ሲቆጣ ስለሆነ ሳይብስ ነይልኝ። የአክስቴ ጠጠር ሳይነካ መቀመጡን እንዳታነሺብኝ፤ እርሷን አሟት አያውቅም፣ የማያምም ጠጠር ብዙ ጊዜ ይተዋል።

ለሰርግም ቢሆን እስከዚያ ጥፍርሽን ጥቁር ሂና አትቀቢ። ኦክስጅንሽን የሚለካው መሣሪያ ጣትሽ ላይ ተቆንጥጦ በብርሃን ነው የሚያነበው፤ ጥቁር ቀለም ሊያሳስተው ይችላል። የብር ቀለበትሽንም ለወንድሜ ስጪው። ስምሽንና የመጣሽበትን ጉዳይ ደጋግመው ሲጠይቁሽ ዘነጉኝ ብለሽ አትከፊ፤ ሰውና ሥራ እንዳይቀያየር ነው። የደም ግፊት መድኃኒትሽንና የምትጠጪውን ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ከሰመመኑ ስትነቂ ትከሻሽን ካመመሽ የጋዙ ርዝራዥ ነው፤ በጥቂት ቀን ይለቅሻል።

አንድ ነገር አደራ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትሽ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን መኪና ተፈልጎ ከሐይቅ ወደ ደሴ ሂጂ፤ ለእኔም ከመንገድ ላይ ይደወልልኝ።

አብሽሪ እማዬ። ወንድሜ የአልትራሳውንዱንና የደም ምርመራውን ወረቀት ይያዝ፤ ደክሞሽ እንዳትገቢ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ድረሱ። ሐኪም ቤት ስትገቢም ስትወጪም አብሬሽ ነኝ፣ ኢንሻአላህ። ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ