ራሱን ስለሚስለው ዛፍ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ። ጠፋሁብህ አይደል? አንተም ግን ጠፍተሃል፤ እንግዲህ እኩል ነን።

ሰሞኑን ምን ይዞህ ነው ካልከኝ፣ በኮድ መሳል ነው። ብሩሽ የለ፣ ቀለም የለ፤ ራሱን መልሶ የሚጠራ አንድ ፋንክሽን (ስም የተሰጠው የትእዛዝ ስብስብ) ብቻ። ዛፍ ልትስል ነው እንበል። ቀጥ ያለ መስመር ትስላለህ፤ ጫፉ ላይ ወደ ግራ 25 ዲግሪ ዞረህ ያንኑ ዛፍ አሳንሰህ ትስላለህ፤ ከዚያ በቀኝ በኩልም እንዲሁ። ብዕሩ አንዱን ቅርንጫፍ ሲጨርስ ወደ መጣበት መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ዛፉ ብትንትኑ ይወጣል። 10 ደረጃ ሲወርድ ግንዱን ጨምሮ 1,023 መስመር ይሆናል፤ 20 ካልከው ከሚሊዮን ያልፋል። ማቆሚያውን ካልነገርከው ደግሞ ፋንክሽኑ ራሱን ሺህ ጊዜ ያህል ሲጠራ፣ ኮዱን የምጽፍበት ቋንቋ ፓይተን «በቃኝ» ይልሃል።

ነገሩ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ስዊድናዊው የሒሳብ ሊቅ ሄልገ ፎን ኮክ እ.ኤ.አ. በ1904 እንዲህ አሰበ፦ መስመሩን ሦስት ቦታ ክፈል፣ የመሐሉን አንሳና በምትኩ ሹል ጫፍ አቁም፤ በተገኙት አራት መስመሮች ላይም ይህንኑ ድገም። በሦስት ማዕዘን ላይ ከጀመርክ የበረዶ ቅንጣት የመሰለ ቅርጽ ይወጣል። ዙሪያው ያለ ማቆሚያ ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን ከመነሻው 8/5 አያልፍም። ማለቂያ የሌለው አጥር የከበባት ትንሽ ማሳ በላት!

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ የኮክን ቅርጽ ዓይኔ ቶሎ ይጠግበዋል። እንከን የለውማ። የእኔም ዛፍ ዛፍ የመሰለው በየጥሪው ማዕዘኑን በዘፈቀደ ቁጥር ጥቂት ሳዛባው ነው። ግንዱ አጠገብ የተዛባች ሦስት ዲግሪ ከእሷ የሚወጣውን ሁሉ ይዛ ታዘነብላለች፤ ጫፍ ላይ ያለችው ግን ከአንዲት ጭራሮ በላይ አታነቃንቅም። የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚነሡበትን ያንኑ የመነሻ ቁጥር መልሰህ ከሰጠኸው ያንኑ ዛፍ ይስልልሃል፤ ስለዚህ የወደድኳቸውን ቁጥሮች ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

አሁን የቸገረኝ መተው ነው። አንተ በእርሳስ ስትስል የትኛውን ቅርንጫፍ እንደምትተው እጅህ ያውቀዋል። እኔ ያለኝ ሕግ «አልፎ አልፎ አንዱን ጥሪ ዝለል» የሚል ነው፤ ክፍተት ይፈጥራል፣ ግን ጅል ክፍተት። ጥቂት ዛፎች አያይዤልሃለሁ። የማይጥሙህን ቅርንጫፎች በቀይ ሰርዝና ላክልኝ፤ ምክንያቱን ባትጽፍልኝም ግድ የለም፣ ከሰረዝከው ላይ እፈልገዋለሁ።

ያንተው