የተፈጥሮ ክበብ፦ ከእምቦጭ ባሻገር

ዘንድሮ ክበባችን ከተመዘገቡት አብዛኞቹ የመጡት እምቦጭ ለመንቀል ነበር። አልፈርድባቸውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ሐይቁ ሲነሳ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። ለፎቶም ይመቻል! እኔ ግን ከዓሣው እንጀምር አልኩ።

በዓቢይ ጾም የዓሣ ገበያው ሲደራ ወረድን። ሥራችን አፍ ማየት ነበር። «ነጭ ዓሣ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ብዙ ዝርያ ነው። 15ቱ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካለው ዓሣ ስለነጠላቸው እዚሁ ሐይቁ ውስጥ መልካቸው ተለያየ። ሌላ ዓሣ የሚያድነው አፉ ሰፊ ነው። ከጭቃ የሚለቅመው ደግሞ ከንፈሩ ወደ ታች ያዘነብላል። ልጆቹ አፍ እየከፈቱ ሲስሉ አንዲት ሻጭ «ልትገዙ ነው ወይስ ጥርስ ልትነቅሉለት?» አሉ። አንዷ ተማሪ ፈጠን ብላ «እማማ፣ የዚህ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው እኮ» አለቻቸው። እማማም አላመኑም። በቢላ ከፍተው አዩና ሳቁ።

ቀጥሎ ረግረጉን አየን። የውሃውን ጥራት ለማየት ነጭ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ክዳን በገመድ አስረን ውሃው ውስጥ ለቀቅን። ደንገል ባለበት ክዳኑ ጠለቅ ብሎም ይታያል። እርሻው ውሃው ድረስ በገፋበት ወዲያው ይጠፋል፤ አፈሩን የሚያስቀር ነገር የለማ። ነገሩ የውሃ መልክ ብቻ አይደለም። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ ልጆቿን በአፏ ይዛ የምታሳድገው ሣር ባለበት ዳር ነው። አምባዛም ዝናቡ ሲጀምር ጎርፍ ወደተኛበት ሜዳ ወጥቶ ይራባል። ለእኔ ከእምቦጩ ይልቅ የሚያሳስበው የዚህ ዳር መታረስ ነው። የባሕር ዳር ሰው የሚጠጣው ውሃም በከፊል ከኢንፍራንዝ ረግረግ ምንጮች እንደሚመጣ ብዙዎቹ ልጆች አያውቁም ነበር።

እምቦጭም ነቅለናል። ቁራጩ ውሃ ካገኘ እንደገና ስለሚበቅል ራቅ አድርገን አደረቅነው። የቦት ጫማ ጥያቄያችን ግን እስካሁን መልስ አላገኘም።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች የሚወጡት በክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። መረብ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋውም ያኔ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ወንዞቹ በሚያልፉበት ፎገራ ዘመድ ጋር የምታሳልፉ ተማሪዎች ከፈተና በፊት ስማችሁን ባዮሎጂ ላብራቶሪ አስመዝግቡ። የምትሞሉትን ቅጽ እሰጣችኋለሁ። ቦት ጫማ ከየቤታችሁ።